የፖሜሎው ባለቤት፦ የወይዘሮ ክዋት ቲ ሚየን የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ክዋት ቲ ሚየን ከአባታቸው ከአቶ ክዋት ቫን ባንግና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዳም ቲ ሶይ፣ በቀይ ወንዝ ላይኛው ዳርቻ በቲየን ላ መንደር፣ እ.ኤ.አ. በ1943፣ በጨረቃው አቆጣጠር በፍየል ዓመት ተወለዱ። ወላጆቻቸው የሐር ትል የሚያረቡ ሰዎች ነበሩ። በዚያ ቤት ቅጠል የሚበላ ትል እንደ እንግዳ ይከበራል፤ እርሱ በሚበላበት ክፍል ጮክ ብሎ መናገርም ሆነ ዓሣ መጥበስ ነውር ነው። ወይዘሮ ሚየን ገና ቁመታቸው ከትሉ ትሪ ሳያልፍ ቅጠል እየለቀሙ ያቀርቡ ስለ ነበር፣ ትል ከቀረበለት ሁሉ የቱን አስቀድሞ እንደሚነካ በዓይናቸው ለይተው አደጉ፤ ሰፊውን፣ ለስላሳውን፣ ትናንት የፈነዳውን። ይህ ልምድ በኋለኛው ዘመናቸው ያደረገላቸውንና ያደረገባቸውን በቦታው እናነሣለን።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በመንደራቸው ትምህርት ቤት ገብተው እስከ አራተኛ ክፍል ተማሩ። ጽሕፈታቸው ያማረ ነበር። ሆኖም አጠገባቸው የምትቀመጠው ልጅ ጽሕፈት ይበልጥ ስለ ተመሰገነ፣ የልጅቱን የቀለም ብልቃጥ በውኃ ሲያቀጥኑ ተይዘው በክፍሉ በር እንዲንበረከኩ ተደርገዋል። ይህን እርሳቸው ራሳቸው እየሳቁ ያወሩት ስለ ነበር እዚህ መጻፉ ነውር አይሆንም።

ደግሞም ትእዛዝ አለበት። ባለፈው ዓመት ሕመማቸው በጠና ጊዜ የባላቸውን የታላቅ ወንድም ልጅ፣ መምህር ላ ቫን ክዊን፣ አስጠርተው፣ «የሕይወት ታሪኬን አንተ ጻፈው፤» አሉት። «ልጄ ከጻፈችው ታለቅሳለች፤ ሌላ ሰው ከጻፈው ይዋሻል። አንተ የባላንጣዬ የሎአን ልጅ ነህ። ብታመሰግነኝ ሰዉ ያምንሃል፣ ብታማኝም ያምንሃል። ብቻ ‘ደግ፣ ሩኅሩኅ፣ ከሰው ተጣልተው የማያውቁ’ ብለህ እንዳትጽፍ። ሬሳዬ ፊት ሰዉ ይስቅብኛል።» ስለዚህ ያ ዐረፍተ ነገር በዚህ ጽሑፍ ውስጥ አይገኝም።

እ.ኤ.አ. በ1964 የዳም ሃ መንደር ተወላጅ ከሆኑት ከአቶ ላ ቫን ቱክ ጋር ጋብቻ መሠረቱ። ወደዚያ ቤት ሲገቡ ግን አንዲት ሙሽራ ቀድማቸው ነበረች። የአቶ ቱክ ታላቅ ወንድም የአቶ ላ ቫን ዲን ባለቤት፣ ወይዘሮ ቹ ቲ ሎአን፣ ከሁለት ዓመት በፊት ገብተዋል። ሁለቱ ሴቶች በአንድ ጣሪያ ሥር፣ በአንድ ምድጃ፣ በአንዲት አማት እጅ ኖሩ። ወይዘሮ ሎአን ድምፃቸው ለዘፈን የተፈጠረ፣ ጸጉራቸው ከወገብ የሚወርድ፣ አራት ወንዶች ልጆችን በተከታታይ የወለዱ ሴት ነበሩ። ወይዘሮ ሚየን አንዲት ሴት ልጅ፣ ወይዘሮ ላ ቲ ዬንን፣ ወለዱ። አማታቸው ክፉ ሴት አልነበሩም። ነገር ግን ልማድ ሆኖባቸው፣ እንግዳ ሲመጣ ምራቶቻቸውን ሲያስተዋውቁ፣ ታላቂቱን «ይቺ ሎአን ናት»፣ ታናሺቱን ግን «ያቺ የቱክ ሚስት ናት» ይሉ ነበር። ወይዘሮ ሚየን ይህን በእርጅናቸው ሲያነሡ፣ «ውሻው እንኳ ስም ነበረው» ይሉ ነበር።

ባለቤታቸው እ.ኤ.አ. በ1966 ዘምተው በ1973 አንድ እግራቸው ተጎድቶ ተመለሱ። በእነዚያ ዓመታት ወይዘሮ ሚየን በኅብረት እርሻው ሩዝ ተከሉ፤ ወንዙ በሞላ ጊዜም ከሴቶች ጋር ደረት በሚደርስ ውኃ ቆመው ግድቡን በአፈር ጆንያ ደገፉ። ለዚህም ከአውራጃው የምስጋና ወረቀት ተሰጥቷቸዋል። ወረቀቱን ግን ግድግዳ ላይ ሰቅለውት አያውቁም፤ «ለምስጉኑ የሴቶች ቡድን» እንጂ ስማቸውን አይልምና።

እ.ኤ.አ. በ1988 መሬት ወደየቤተሰቡ ሲመለስ አማታቸው ርስቱን ለሁለቱ ልጆቻቸው አካፈሉ። የአባቶች መሠዊያ ያለበት ቤትና ላይኛው ጓሮ እንደ ወጉ ለታላቁ ሆነ። በጠባብ ቦይ የሚለየው ታችኛው ጓሮ ለታናሹ ደረሰ፤ በዚያ ጓሮ ሩቅ ማዕዘን የቆመው፣ ፍሬው የሰው ራስ የሚያህለው፣ የሟቹ የባላቸው አባት አሮጌ የፖሜሎ ዛፍም አብሮ ደረሳቸው። ወይዘሮ ሚየን ስለ ክፍፍሉ ሲጠየቁ፣ «እሷ አባቶቹን ወረሰች፣ እኔ ዛፋቸውን» ብለዋል።

ዳም ሃ የሚኖረው በኩምኳት ነው። ፍሬዋ ከአውራ ጣት የማትበልጠው ይህች ብርቱካን ለአዲሱ ዓመት፣ ለቴት በዓል፣ በየቤቱ በር እንድትቆም በስድስተኛው የጨረቃ ወር ከነሥሯ ትነቀላለች፤ ቅጠሏ ይራገፋል፣ ሥሯም ፀሐይ እስኪያገኘው ተጋድማ ቆይታ እንደ ገና ትተከላለች። የምትሞት መስሏት ትደነግጣለች፤ ደንግጣም ታብባለች። ሙያው ይህ ነው። የተዋጣላት ዛፍ አራት ነገር በአንድ ጊዜ ታሳያለች፤ የበሰለ ፍሬ፣ ጥሬ ፍሬ፣ አበባ፣ እንዲሁም እንከን የሌለበት ለጋ ቅጠል። አያት፣ ወላጅ፣ ልጅ፣ የልጅ ልጅ በአንድ ቤት እንደ ማለት ነው። በዓሉ ሲቃረብ የመንደሩ ሽማግሌዎች ጓሮ ለጓሮ ዞረው አራቱን የምታሟላ አንዲት ዛፍ ይመርጣሉ። ያቺ ዛፍ በከበሮ ታጅባ ወደ አድባሩ ቤት ስትደርስ በረኛው፣ «ያሳደገሽ ማን ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ ተሸካሚዎቹም የአሳዳጊዋን ሙሉ ስም ጮኸው ይመልሳሉ። በአድባሩ ቤት የሴት ስም የሚጠራው በዚያች ሰዓት ብቻ ነው። ወይዘሮ ሚየን ከዓለም የፈለጉት አንድ ነገር ይህ ነበር፤ ስማቸው በዚያ በር እንዲጠራ።

ከአራቱ መካከል አራተኛውን የሚያጠፋው ክታብ ጻፊ የምንለው ትል ነው። እናቱ ከሩዝ ፍሬ የምታንስ ብርማ የእሳት እራት ናት፤ እንቁላሏን አንዳንድ እያደረገች በለጋ ቅጠል ላይ ትጥላለች። የተፈለፈለው ትል በቅጠሉ ሁለት ቆዳ መካከል ገብቶ፣ ወደ ውጭ ሳይወጣ፣ እየተጠማዘዘ ይበላል። ያለፈበት መንገድ እንደ ብር ቀለም ያበራል፣ ቅጠሉ ይጨማደዳል። ጠግቦ ሲያበቃ የቅጠሉን ጠርዝ በላዩ አጥፎ ይተኛል፣ ክንፍ አብቅሎም ይወጣል። የጠነከረ ቅጠል አይነካም። ሎሚውንም፣ ብርቱካኑንም፣ ኩምኳቱንም፣ ፖሜሎውንም ይበላል፤ ከዚህ ዘመድ ወጥቶ ግን ሌላ ዛፍ ላይ አያርፍም ማለት ይቻላል። በዚህ ረገድ ከቅናት ጋር ይመሳሰላል፤ ቅናትም ከዘመድ ውጭ ብዙ አይበላም።

እ.ኤ.አ. በ1996 መጨረሻ ሽማግሌው አቶ ፉንግ ከባልንጀሮቻቸው ጋር ወደ ታችኛው ጓሮ ሲገቡ ጎረቤቱ በቦዩ ዳር ተሰልፎ ነበር። ሽማግሌው ዛፏን ዞረው አዩ።

«ፍሬው ወርቅ ነው፤» አሉ። «አበባውም ሙሉ ነው። እንዲያው አንቺ ልጅ፣ እጅሽ ይባረክ።» ከዚያም ቡቃያውን ገልበጥ አደረጉት። «ይኸ ግን ምንድን ነው? ተጽፎበታል።»

«አንዲት ቅጠል ናት፣ አባባ።»

«ይቺኛዋስ?»

«እሷን ዛሬ ጠዋት ነው መሰለኝ የጻፈባት።»

ከቦዩ ማዶ አንዱ ጎረቤት፣ «አንብቡትና ንገሩን እንጂ፣ አባባ! ምን ይላል?» ሲል ሚስቱ ተቀብላ፣ «‘ወደ ላይኛው ጓሮ እለፉ’ ነው የሚለው» አለች። ሰዉ ሳቀ። ሽማግሌዎቹም ወደ ላይኛው ጓሮ አለፉ። የወይዘሮ ሎአን ቡቃያ እንደ ታጠበ ሳህን ንጹሕ ነበር።

ከዚያ በኋላም ለብዙ ዓመታት በአድባሩ ቤት በር የተሰማው ስም ቹ ቲ ሎአን ነበር። ወይዘሮ ሚየን የትንባሆ ውኃ ረጩ፤ የተጻፈበትን ቅጠል በጥፍራቸው ቀነጠሱ፤ ከጎረቤት ቀድመውም ከጎረቤት ዘግይተውም ዛፋቸውን ነቀሉ። ለውጥ አልመጣም። በአንድ ዓመት ትሉ የተኛበትን ቅጠል በቅርጫት ሙሉ ለቅመው በወይዘሮ ሎአን አጥር ላይ በተኑት። ያንን ዓመት ሁሉ ዓይናቸውን ከላይኛው ጓሮ አላነሡም። የእሳት እራቶቹ ክንፍ አውጥተው የት እንደ ደረሱ ያየ የለም፤ የወይዘሮ ሎአን ዛፍ ግን እንደ ወትሮው ተመረጠ። «የገዛ ትሌ እንኳ እሷ ዘንድ ማደር እንቢ አለ፤» ብለው ለባላቸው አማረሩ። አቶ ቱክም፣ «ታማኝ ትል ነው፤ ደስ ሊልሽ ይገባል» ቢሏቸው ለአንድ ሳምንት ሳያነጋግሯቸው ቀሩ።

በዚህ ሁሉ ዘመን አንድ መጽናኛ ነበራቸው፤ ፖሜሎው። በየዓመቱ ኩምኳቱ በሚነቀልበት ወር የፖሜሎውን ቅርንጫፍ ይከረክማሉ፣ ፍግ ያለብሳሉ። ዛፉም የሰው መዳፍ የሚያህል ለጋ ቅጠል ያፈነዳል። ትልቁ ፍሬ በበዓሉ ቀን በአባቶች መሠዊያ ላይ፣ በአምስቱ ፍሬ ትሪ መካከል ይቀመጣል። ወይዘሮ ሎአን ቦዩን ተሻግረው እየመጡ፣ «አቤት ይሄ ዛፍ! ሚየን፣ እኔ ይሄ ቢደርሰኝ ኖሮ መሠዊያውንም ለውጬሽ በሰጠሁሽ» ይሉ ነበር። ወይዘሮ ሚየን ፊታቸውን ሳያዞሩ፣ «እትዬ፣ አትይው በዓይንሽ» ብለው ይመልሳሉ። እንዲህ ባሉ ቀናት እራታቸውን አጣጥመው ይበሉ እንደ ነበር ልጃቸው ትመሰክራለች። ወይዘሮ ሎአን የሚቀኑበት አንድ ነገር በእጃቸው ነበረና።

እ.ኤ.አ. በ2005፣ በስድስተኛው ወር፣ ጎሕ ሲቀድ ወደ ጓሯቸው ቢወጡ ወይዘሮ ሎአን ባልዲ ይዘው ከፖሜሎው ሥር ጎንበስ ብለው አገኟቸው።

«እንደምን አደርሽ፣ እትዬ። ጓሮ ተሳስተሽ ነው?»

«አይ፣ ጠምቶት አይቼ ነው።»

«ከቤትሽ ሆነሽ ሲጠማው ሰማሽ?»

«የአባባ ዛፍ አይደል እንዴ? ምን አለበት?»

«የአባባ ዛፍ ከሆነ ውኃ ይበቃዋል። ይሄ የተዘፈዘፈ አኩሪ አተር ነው፤ ለኩምኳትሽ እንኳ እየሰሰትሽ የምትሰጪው።»

«እንግዲህ ደግ ብሠራ ያስከፋሻል?»

«አንቺ? ለኔ? በቁሜ?»

ወይዘሮ ሎአን ባልዲያቸውን አንሥተው ሄዱ። ወይዘሮ ሚየን ግን ከዛፉ ሥር ቆመው ቀሩ። ቀና ብለው የፖሜሎውን ቡቃያ ተመለከቱ። ያልተጻፈበት ቅጠል አልነበረም፤ አንዱ ቅጠል የሁለትና የሦስት ትል መንገድ ይዟል። ከዚያ ወደ ቅርቡ የኩምኳት ተርታ ሄዱ፤ በብዛት ተጽፎበታል። ወደሚቀጥለው ተርታ ሲያልፉ እየቀነሰ ሄደ። ከቦዩ ዳር አንገታቸውን አስግገው ላይኛውን ጓሮ ሲያዩ ንጹሕ ነበር። የሐር ትል አሳዳጊዎች ልጅ ስለ ነበሩ ከዚያ በላይ ማስረጃ አላስፈለጋቸውም። ትሉ የፖሜሎውን ሰፊና ለስላሳ ቅጠል መርጦ ይሰፍራል፤ የተረፈው በአጠገቡ ያገኘውን የወይዘሮ ሚየንን ኩምኳት ይበላል፤ ቦዩን ለመሻገር ግን ምክንያት የለውም። የተመቀኙትን የወይዘሮ ሎአንን ኩምኳት ለእነዚያ ሁሉ ዓመታት በፖሜሏቸው ሲጠብቁ የኖሩት እርሳቸው ራሳቸው ናቸው። ወይዘሮ ሎአን ደግሞ ይህን ዐውቀው ዝም ብለዋል፤ ፖሜሎው ለጋ ቅጠል እንዳያጣም እያወደሱ አስከረከሙት፣ እየደበቁ አበሉት።

ወይዘሮ ሚየን ለማንም አልተናገሩም። ከልጃቸው ባል መጋዝ ተውሰው ፖሜሎውን ከግንዱ ጣሉት።

አቶ ቱክ በምርኩዛቸው እየተደገፉ ደርሰው፣ «አንቺ ሴትዮ! የአባቴን ዛፍ?» ብለው ቢጮኹ፣ ወይዘሮ ሚየን መጋዙን እየወለወሉ፣ «የአባትህን ዛፍ አይደለም የቆረጥኩት፤» አሉ። «የእትዬ ሎአንን ዘበኛ ነው።»

በዚያ ዓመት ትሉ ማረፊያ አጥቶ በሁለቱም ጓሮ ተበተነ። ሽማግሌዎቹ ላይኛውንም ታችኛውንም አይተው ራሳቸውን እየነቀነቁ ወጡ፤ የአድባሩ ቤት ዛፍ ከግድቡ ማዶ ከሚገኝ ሰፈር መጣ። ወይዘሮ ሚየን ያን ቀን በቅጠል የተጠቀለለ የሩዝ ቂጣ ከወትሮው አብልጠው ቀቀሉ፤ ለጎረቤትም አደሉ። ደስታቸው እስከ በዓሉ ማለዳ ቆየ። በዚያ ማለዳ ቤተሰቡ ሁሉ ለአባቶች ሊሰግድ በታላቁ ቤት ሲሰበሰብ፣ በመሠዊያው ትሪ ላይ አራት ፍሬ ብቻ ተደርድሮ የመካከሉ ስፍራ ባዶ ነበር። አንዲት ዘመድ፣ «ፖሜሎውስ?» ብላ ጠየቀች። ወይዘሮ ሎአን፣ «ዘንድሮ የለም» አሉ። የሰገደ ሁሉ ባዶውን ስፍራ አየ። ወይዘሮ ሚየን ወደ ቤታቸው ሲመለሱ፣ «ከገበያ አንድ መግዛት አቅቷት ነው?» ብለው ተቆጡ። የቀቀሉትን ግን አልቀመሱም። «እማማ ከፎቶው ሆነው ሲያዩኝ ዋሉ፤» ሲሉ ስለ ሟች አማታቸው ለልጃቸው ነገሯት።

ወሩ ሳያልቅ ወይዘሮ ሎአን በሸክላ የተተከለ ችግኝ አቅፈው ቦዩን ተሻገሩ።

«ምንድን ነው እሱ?» አሉ ወይዘሮ ሚየን።

«ፖሜሎ።»

«እሱማ ይታየኛል። የማን?»

«ያንቺ። ሳትቆርጪው በፊት፣ አምና በልግ፣ በጀርባ በኩል አንዱን ቅርንጫፍ ልጬ አፈር አስሬበት ነበር። ሥር ሲያወጣ ቆርጬ ወሰድኩት።»

«ሳትጠይቂኝ?»

«ብጠይቅሽ ትሰጪኝ ነበር?»

«አልሰጥሽም።»

«እኮ።»

«ሰረቅሽኝ ማለት ነዋ!»

«ሰረቅሁሽ። ለዘበኛነቱ ብቻ የምፈልገው መሰለሽ? መሠዊያውን የማሰናዳው እኔ፣ ዕጣኑን የማጨሰው እኔ፤ ሰዉ ገና ከበር ሲገባ ግን ‘አይ የቱክ ሚስት ፖሜሎ!’ ነው የሚለው። አንጀቴ ሲቃጠል ነው የኖረው።»

ወይዘሮ ሚየን በዘመናቸው ብዙ ስጦታ ተቀብለዋል፤ እንደዚያ ስርቆት ያስደሰታቸው ግን እንደሌለ ደጋግመው ተናግረዋል። በጊዜው ደስታቸውን አላሳዩም። «እኔ ጓሮ አይተከልም፤ ሁለቴ አልሞኝም» አሉ።

«እኔ ጓሮ ይሁን። ከወዲያ ጥግ።»

«ያንቺ ኩምኳት ነው እኮ የሚበላው።»

«እስከ ዛሬ ያንቺ አልተበላም?»

ወይዘሮ ሚየን ዐይናቸውን ጨፈን አድርገው አዩዋቸው። «ገብቶኛል። ደግ ተብለሽ ልትሞቺ ነው።»

«አንቺ አጠገቤ እያለሽ? ደግ ለመሆን ፋታ መች ትሰጪኛለሽ!»

ችግኙ በላይኛው ጓሮ ሩቅ ጥግ ተተከለ። የማን እንደሚሆን አልተነጋገሩበትም። ጥቂት ዓመታት አልፈው ቅጠሉ ሲሰፋ ትሉ ወደዚያ ተሳበ፤ የወይዘሮ ሎአን ኩምኳት ተጻፈበት፣ የወይዘሮ ሚየን እየጠራ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ2012፣ በዘንዶው ዓመት መግቢያ፣ ሽማግሌዎቹ ከታችኛው ጓሮ አላለፉም። አቶ ፉንግ ዐርፈው ስለ ነበር ቅጠሉን የገለበጠው ልጃቸው ነው። ገለበጠ፤ ሌላውንም ገለበጠ፤ «የሚነበብ ነገር የለም» አለ።

ዛፏ በአድባሩ ቤት በር ስትደርስ በረኛው፣ «ያሳደገሽ ማን ነው?» ብሎ ጠየቀ። «ክዋት ቲ ሚየን!» ተባለ። ስማቸው በሙሉ፣ ከአባታቸው ስም ጋር፣ ባላቸው ቆመው እየሰሙ፣ በከበሮ ተጠራ።

እዚህ ላይ ታሪኩ ቢያበቃ ያምር ነበር። ወይዘሮ ሚየን ግን ከሰልፉ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ በመንገድ የሰሙት ሌላ ነበር፤ «አይ ሎአን፣ ምን ዓይነት ልብ ነው! የራሷን አስበልታ!» የፖሜሎው ነገር ውሎ አድሮ ተሰምቶ ኖሮ፣ ጎረቤቱ ሁሉ የሚያወድሰው ወይዘሮ ሎአንን ነበር። ወይዘሮ ሚየን በራቸውን ዘግተው፣ «ዛፉ የኔ፣ ስሙ የኔ፣ ምርቃቱ የሷ!» እያሉ ወዲያ ወዲህ ተመላለሱ። በመጨረሻ ነጠላ ጫማቸውን ተጫምተው ቦዩን ተሻገሩ። ወይዘሮ ሎአን ከደጃቸው ተቀምጠው ባቄላ ይፈለፍሉ ነበር።

«እትዬ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ስሜ ሲጠራ ትንሽ እንኳ አልቆጨሽም?»

ወይዘሮ ሎአን ባቄላውን መፈልፈል አላቆሙም። «የአንገቴ ሥር እስኪገተር ነው የቆጨኝ። ከበሮውን ቀምቼ ልቀደው ቃጥቶኝ ነበር።»

«እውነትሽን ነው?»

«በመሠዊያው እምላለሁ።»

«ተባረኪ፤» አሉ ወይዘሮ ሚየን፤ አጠገባቸው ተቀምጠውም ባቄላውን ያግዟቸው ጀመር። ከዚያ ቀን በኋላ ሁለቱ ሴቶች ተለያይተው አልዋሉም። ቅናቱ ቀረ ለማለት አይደለም። ማን ቀድሞ ጥርሱ ወለቀ፣ የማን የልጅ ልጅ ሃኖይ ገባ፣ የማን ሳል ባሰ በሚለው ሁሉ ሲወዳደሩ ኖሩ።

አቶ ላ ቫን ዲን እ.ኤ.አ. በ2009፣ አቶ ላ ቫን ቱክ በ2016 ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ወይዘሮ ሚየን ከ2022 ጀምሮ በሳንባ ሕመም ሲታከሙ ቆይተው፣ ባለፉት ሳምንታት ከአልጋ አልተነሡም። በመጨረሻው ቀን መምህር ክዊ ሊጠይቃቸው ሲገባ፣ «የእናትህ ቡቃያ ዘንድሮ ተጽፎበታል?» ብለው ጠየቁት።

«ተጽፎበታል፣ አክስቴ።»

«የኔስ?»

«የእርስዎ ንጹሕ ነው።»

«እንግዲያው ደኅና ነኝ፤» አሉ። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 29 ቀን 2023፣ በስድስተኛው የጨረቃ ወር፣ በተወለዱ በሰማንያ ዓመታቸው ዐረፉ።

ያረፉት ኩምኳቶቻቸው ተነቅለው፣ ሥራቸው ለፀሐይ ተገልጦ፣ በጓሮው በተጋደሙበት ሰዓት ነበር። ሰው ሲሞት ለዛፎቹ መርዶ ይነገራቸዋል፤ በእያንዳንዱም ላይ ነጭ የሐዘን ጨርቅ ይታሰራል፤ መርዶው ያልደረሰው ዛፍ ባለቤቱን ተከትሎ ይደርቃልና። ለተጋደመ ዛፍ ግን አይታሰርም። ስለዚህ ወይዘሮ ሎአን፣ በሰማንያ ሁለት ዓመታቸው፣ የልጅ ልጆቻቸውን አሰልፈው የታችኛውን ጓሮ ዛፎች በዚያው ዕለት አስተከሉ። ከዚያም ነጩን ጨርቅ በገዛ እጃቸው እየቀደዱ ከዛፍ ወደ ዛፍ አሰሩ። ሲጨርሱ የቀረችውን ቁራጭ ይዘው ቦዩን ተሻግረው ወደ ላይኛው ጓሮ ጥግ፣ ወደ ፖሜሎው፣ ሄዱ።

ወይዘሮ ዬን ተከትላ፣ «አክስቴ፣ ያ የእርስዎ ነው እኮ፤» አለች። «የሚታሰረው በሟች ሰው ዛፍ ላይ ነው። በሕይወት ላሉ ሰው ገደ ቢስ ነው።»

«የሷ ነው፤» አሉ ወይዘሮ ሎአን ጨርቁን እያጠበቁ። «እኔ ዘበኛው ነኝ።»

ወይዘሮ ክዋት ቲ ሚየን የአንዲት ሴት ልጅ እናት፣ የሦስት የልጅ ልጆች አያት፣ የአንድ የልጅ ልጅ ልጅ ቅድመ አያት ነበሩ። ልጃቸው ወይዘሮ ላ ቲ ዬን፣ የባላቸው ወንድም አራት ልጆች፣ እንዲሁም ወይዘሮ ቹ ቲ ሎአን በሐዘን ላይ ይገኛሉ። ወይዘሮ ሎአን በለቅሶው ላይ ሲያጽናኗቸው ለቀረቡት ሁሉ የሰጡት መልስ አንድ ነበር፤ «እዚያም ቀደመችኝ! አሁን እማማ ‘ይቺ ማን ናት?’ ሲሉ እኔ የለሁ፤ እሷው ስሟን ልትናገር ነው።»

ለቅሶውን ለደረሳችሁ፣ ከግድቡ ማዶም ከላይኛው ዳርቻም ለመጣችሁ ሁሉ ቤተሰቡ ያመሰግናል። አድባሩ መንገዳቸውን ያቅናላቸው። በወዲያኛው በር «ማን ነሽ?» ሲባሉ ሙሉ ስማቸው በከበሮ ይጠራላቸው። ከአማታቸው ጎን ያለውንም ስፍራ፣ እትዬ ሎአን እስክትመጣ ድረስ፣ ለብቻቸው ይያዙት።